ሚዶው ያየበት ማሳ

አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ቡዳ ሲባል እስቃለሁ፣ ዛር ሲባል ተነስቼ እወጣለሁ፣ ሟርት የሚፈራ ሰው ካየሁ ደግሞ ሆን ብዬ ፊቱ አሟርታለሁ፣ በዚህ ጠባዬ የተነሳ ታላቅ እኅቴ አስካለ «አንተን አንድ ቀን የሚያሳምንህ ነገር ይመጣብሃል» ትለኝ ነበር፣ እኔም «ሲመጣ ቁጭ በል እለዋለሁ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ይህን የምነግርህ እንድትደነግጥልኝ አይደለም፣ እኔ ራሴ ያን ዕለት አልደነገጥኩም፣ ከዚያም ወዲህ አልደነገጥኩም፣ የሚገርመኝም እሱ ነው። ያየሁትንና የሰማሁትን እንዳለ አስቀምጥልሃለሁ፣ የቀረው ያንተ ጉዳይ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ትምህርቱን ትቻለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን የታተመ ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተምራለሁ፣ ግጥም እሞካክራለሁ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አይሆንልኝም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ሥራ ይዤ አራቱንም ጥያለሁ። አምስተኛው አንኮበር አፋፍ ላይ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያ ስልህ ትልቅ ነገር እንዳታስብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ጥቂት ባትሪዎች፣ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ፣ በቃ ይኸው ነው። ከአፋፉ በታች በረሃው ውስጥ የጥጥ እርሻ አለ፣ የእርሻው መጋዘንና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው፣ በመካከላቸው ይህ ሁሉ ተራራ ስለቆመ ሬዲዮዎቻቸው እርስ በርስ አይሰማሙም። እኔ ከላይ ብቻዬን ተቀምጬ ጠዋት በረሃው የሚለኝን እጽፋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ለደብረ ብርሃን አነብለታለሁ፣ ደብረ ብርሃን የመለሰውን በማግስቱ ለበረሃው እደግማለሁ። የሰው ቃል ማመላለስ ነው ሥራዬ።

ምሰሶው ጫፍ ላይ አንቴናው አለ። አንድ አግድም ዘንግ ነው፣ በዘንጉ ግራና ቀኝ የብረት ጥርሶች ተደርድረውበታል፣ ከጣቢያው በታች ያለው መንደር ሰው «ሚዶው» ይለዋል፣ እውነትም ለትልቅ ራስ የተሠራ ሚዶ ይመስላል። ሥራውን ያስተማሩኝ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ነበሩ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ሬዲዮ ላይ ያረጁና አሁን በደብረ ብርሃኑ ሬዲዮ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። «ይህ ዕቃ» አሉኝ በመጀመሪያው ቀን፣ «ልክ እንደ ትልቅ ቤት አጋፋሪ ነው፣ ፊቱን ያዞረለትን ሰው ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከጀርባው ቆመህ ብትሞት ዞር ብሎ አያይህም።» ስለዚህ መዞር አለበት። ከምሰሶው ሥር መዘውር አለ፣ በሁለት እጅ እየገፉ ያዞሩታል፣ በምሰሶው ላይ ለበረሃው ቀይ፣ ለደብረ ብርሃን ነጭ ቀለም ተቀብቷል፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከቀዩ፣ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ከነጩ ማጋጠም ነው። የማዳመጫውን ገመድ በመስኮት አውጥቼ መዘውሩ ድረስ እስበዋለሁ፣ እያዳመጥኩ አዞራለሁ፣ ድምፁ የጠራበት ላይ አቆማለሁ።

አሁን ችግሩን ስማ። አንቴናው ወደ ደብረ ብርሃን ሲያይ የሚያየው በመንደሩ የገብስ ማሳ ላይ አሻግሮ ነው። በኛ አገር ደግሞ በረዶ የሚወርደው ከሰዓት በኋላ ነው። ጣቢያው በተተከለበት ዓመት፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል በረዶ ወርዶ ግማሹን መንደር አራቆተ፣ እና ሰዉ ሁለቱን ነገር ደመረና «ሚዶው ነው የጠራብን» አለ። እኔ ምክንያቱን ላስረዳ ሞክሬ ነበር፣ ሚዶው ቢኖርም ባይኖርም በረዶ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው ብዬ፣ ግን ማሳው የተመታበትን ሰው በምክንያት አታጽናናውም።

ከተመቱት አንዷ አስካለ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ በምዕራብ በኩል ባለው በዚሁ መንደር ነው የተዳረችው። ያን ዓመት ጎተራዋ ባዶ ሲሆን ባሏ ሽፈራው ጥጥ ለመልቀም ወደ በረሃው ወረደ። በረሃው ደጋ ሰው አይወድም፣ ንዳድ አለበት፣ ከበረሃው በየጠዋቱ ከምቀበለው ውስጥ አንዱ በንዳድ የወደቁ ሠራተኞች ስም ነው፣ እኔ እየጻፍኩ ሁልጊዜ ሽ የሚል ፊደል ስሰማ እርሳሴ ይቆም ነበር። ሽፈራው ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተነሳ። የዘንድሮው ገብስ ከገባ ሊመለስ ነው፣ ካልገባ ደግሞ አስካለ ሦስቱን ልጆቿን ይዛ ልትከተለው ነው፣ ትንሹ ገና ጥርስ አላወጣም። ነገሩ ይኸው ነው፣ በዚያች ማሳ ላይ የቆመው ገብስ ነው።

በመንደሩ በረዶ መላሽ ነበራቸው፣ መሪጌታ ጥበቡ። ደመና ሲከብድ ከመንደሩ ራስጌ ባለ አንድ አለት ላይ ይወጣሉ፣ ዳዊት ይደግማሉ፣ ቀንድ ይነፋሉ፣ ደመናውን በመቋሚያቸው ወደ ገደሉ ያመላክቱታል። ለዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለ፣ በረዶ መላሽ የሆነ ሰው በሚጠብቀው አገር ማሳ አይኖረውም፣ ማሳ ያለው ሰው በረዶውን ከራሱ ገፍቶ ሰው ላይ ይጥላል ይላሉ፣ ስለዚህ አዝመራ ሲገባ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና ይሰፈርላቸዋል። አጭር፣ ዓይናቸው የማያርፍ፣ ምላሳቸው የተሳለ ሰው ናቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ እወዳቸው ነበር። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም ብለው ወደ ላይ ያያሉ።

«አንተ፣ ይህ ሚዶህ የማንን ጠጉር ነው የሚያበጥረው?»

«የደመናውን፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያውስ ቅማሉ እኛ ላይ እየረገፈ ነው።»

ይህን ብለው ራሳቸው ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ከዚያ ይሄዳሉ።

ቀኑ ዓርብ ነበር፣ ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ አስካለ ለሰኞ ደቦ ጠርታለች፣ ጠላው ተጠምቋል። ምሳ እንደበላሁ አንቴናውን ቀደም ብዬ ወደ ነጩ አዞርኩት፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መዘውሩን ስለሚያከብደው ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አስካለና መሪጌታ ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው። እሷ ፊት ፊት፣ እሳቸው መቋሚያቸውን እየተደገፉ ከኋላ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ እመነኝ፣ ይህን ደጋግሜ የምልህ በኋላ ስለሚያስፈልግህ ነው፣ በሰሜን በወፍ ዋሻ ጫካ ላይ ስስ ጉም ተኝቷል፣ ከሩቅ ከምዕራብ ማዶ አንድ ጡጫ የምታክል ደመና ነበረች፣ ከዚያ በቀር ምንም።

«ምነው እታለም፣ በደኅና ነው?» አልኳት።

«ዛሬ አታዙርብን» አለች፣ ሰላምታም አልሰጠችኝ። ቀና ብላ አየችና «አዙረኸዋላ!» አለች።

«ምን እንዳይሆን ብለሽ ነው?»

«ጉልበቴ ነግሮኛል» አሉ መሪጌታ እየተነፈሱ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «ዛሬ ይመጣል። እኔ አንድ ሰው ነኝ፣ አንተ ከላይ እየጠራኸው እኔ ከታች ልመልሰው አልችልም፣ አንድ በሬ ሁለት ሰው በተቃራኒ ቢጎትተው ምን ይሆናል?»

«መሪጌታ፣ ይህ እኮ ብረት ነው።»

«ቀንዴም ቀንድ ነው።»

ሳቅሁ። አስካለ አልሳቀችም። «እኔ ስለ ብረት አላውቅም» አለች፣ «የማውቀው ይህ ገብስ ከሄደ ሰኞ ደቦ የለም። ሰኞ ልጆቹን አዝዬ እወርዳለሁ። ከዚያ በየጠዋቱ የነሱንም ስም ትጽፋለህ።»

እንዲህ ስትለኝ የሆነ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፣ አይደለም? እኔ ግን ያየሁት የነጠላዋን ጫፍ ነው፣ እሾህ ይዞት ኖሮ ተተርትሯል፣ እሱን እያየሁ «ሃምሳ አለቃ ቆዳዬን ይገፉታል» አልኳት።

«አንድ ሰዓት ብቻ ዘግይ» አሉ መሪጌታ። «አንድ ሰዓት ሚዶህ ወደ ሌላ በኩል ይመልከት።»

ላሳያቸው ፈለግሁ። ምንም እንደሌለ ላሳያቸው ብዬ የማዳመጫውን ገመድ በመስኮት ሳብኩ፣ ሬዲዮውን ከፈትኩና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁ፣ በዚህ ሰዓት ደብረ ብርሃን ስለማይናገር የሚሰማው ሁልጊዜ የሚሰማው ሽሽታ ብቻ መሆን ነበረበት፣ ሩቅ እንዳለ ፏፏቴ ያለ ድምፅ። ሽሽታው ነበረ። ከሱ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር።

ጠብ። ከዚያ ቆየት ብሎ ጠብ፣ ጠብ።

ማዳመጫውን አነሳሁት፣ ቆርቆሮው ላይ የሆነ ነገር የወደቀ መስሎኝ ጣራውን አየሁ፣ ምንም የለም፣ ፀሐይ ነው። መልሼ ደፋሁት። አሁን ጠብታው በዝቷል፣ ገብስ ከቁና ላይ ወደ ቆርቆሮ ሲፈስ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ደረቅ፣ የተቆራረጠ፣ ማናችንም የደጋ ልጆች የማንስተው ድምፅ። መዘውሩን ትንሽ ወደ ግራ ገፋሁት፣ ቀነሰ። ወደ ቀኝ መለስኩት፣ ጨመረ። ትንሽ ሌላ ወደ ቀኝ፣ በጣም ጨመረና ማዳመጫው በጆሮዬ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ እዚያ ላይ አቁሜ በዘንጉ ትክክል ቁልቁል አየሁ። አንዲት የኮሶ ዛፍ አየሁ። የኮሶው ዛፍ የቆመው በአስካለ ማሳ መካከል ነው።

«ምን ይላል?» አለች አስካለ።

«ምንም አይልም» አልኳት።

ወዳጄ፣ ያን ሰዓት የማላምነው እኔ እጆቼ መዘውሩን ሲገፉ አየሁ። ወደ ሰሜን ነው የገፋሁት፣ ማሳዎቹን አልፌ ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ። ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ፣ ሽሽታው ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ ተውኩት።

«ወደ በረሃው አትመልሰውም?» አሉ መሪጌታ። ከድንጋዩ ላይ ተነስተዋል። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም።

«እዚያ ሽፈራው አለ፣ ብዙ ሰው አለ» አልኳቸው፣ ስናገረው ራሴን ታዘብኩት፣ ብረት ነው ያልኩት እኔ እኮ ነኝ። «ጫካው ውስጥ ከዝንጀሮ በቀር ማን አለ?»

አፋቸውን ከፈቱ። በደንብ አይቻለሁ፣ ዓይኔ እንዲህ ያለ ነገር አይስትም፣ ከንፈራቸው ቃል ያዘና ቃሉን መልሶ ዋጠው፣ ወደ አስካለ ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ ወደ ጫካው፣ ከዚያ ወደ መሬት። «እንዳልክ» አሉ። መቋሚያቸውን አንስተው ወደ ወትሮው አለታቸው ወረዱ።

እኔም የዋጥኩት ነበረኝ። አንቴናው ጫካውን ማየት ከጀመረ ትንሽ ቆይቶ፣ ጸጥ ብሎ በነበረው ሽሽታ ውስጥ አንድ ጠብ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ። ቀስ እያለ መጣ፣ ከሩቅ መንገድ እየተጓዘ እንደሚደርስ ሰው፣ እየቀረበ፣ እየበዛ፣ እንደ ቅድሙ እስኪሆን ድረስ። ሚዶውን ተከትሎት መጣ። ማዳመጫውን አውልቄ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ደመናዋ አሥር ሰዓት ላይ ከኛ በላይ ነበረች፣ ያቺ ጡጫ የምታክለው፣ አሁን ሰማዩን ግማሽ ይዛለች፣ ሆዷ አረንጓዴ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ቀለም ያለውን ደመና ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። አስካለ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ደመናው በመንደሩ ላይ መጣ፣ በኮሶው ዛፍ ላይ ጨለመ፣ ብርድ ነፈሰ፣ ገብሱ በአንድ ጊዜ ተኛና በአንድ ጊዜ ተነሳ። አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። ደመናው ቀኝ እጁን እንደያዙት ዕውር ሰው ዝግ ብሎ ወደ ሰሜን ዞረ። ከዚያ ድምፁን ሰማነው፣ ያለ ማዳመጫ፣ ከጫካው በኩል። ያው ራሱ ድምፅ ነው።

አስካለ እልል አለች። ምሰሶውን በመዳፏ እየመታች እልል አለች፣ እያለቀሰችም ነበር፣ «ተረፈ! ተረፈ! ወንድሜ፣ ተረፈልን!» ትላለች። እኔ መሪጌታን ነበር የማየው። አለቱ ላይ ቀንዱን ይዘው ቆመዋል፣ አልነፉም። በረዶው ጫካው ጥግ ላይ ሲያርፍ ቀንዱን ከእጃቸው ጣሉ፣ ጥምጥማቸው ወደቀ፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሮጥ ጀመሩ፣ ወደ በረዶው።

«ወዴት ነው የሚሮጡት?» አለች አስካለ እልልታዋን አቋርጣ።

«እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አላወቅሁም። ግን ያላወቅሁት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንቴናውን ወደ ነጩ መልሼ ደብረ ብርሃንን ጠራሁ።

«ይሰማል!» አሉ ሃምሳ አለቃ። «አንተ ገጣሚ! አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ሙሽራ አስጠበቅኸኝ እኮ!»

«በረዶ ነበር ሃምሳ አለቃ።» የዕለቱን መልእክት አነበብኩላቸው፣ ጻፉት። ከዚያ ጠየቅኋቸው። «በረዶው ከመምጣቱ በፊት ማዳመጫው ውስጥ ሰማሁት። ሲወርድ።»

«ታዲያ ምን ይገርማል? ደመና ኤሌክትሪክ አለበት፣ ሲከብድ አንቴናው ይንጫጫል፣ የድሮ ሬዲዮ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።»

«በሩቅ ካለች ጡጫ ከምታክል በቀር ደመና አልነበረም እኮ። ከማሳው በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሳዞረው ደግሞ ተከትሎት ዞረ።»

«እንግዲያው ጆሮህ ነው» አሉ፣ የቀልድ ድምፅ አልነበረም። «መዝገብ ላይ ግን እንዳትጽፈው።»

አልጻፍኩትም።

በማግስቱ ጠዋት የበረሃውን ተቀብዬ እንደጨረስኩ ወደ ጫካው ወረድኩ። በረዶው በጥላው በኩል ገና አልቀለጠም፣ እንደ መንገድ የተነጠፈ ነው፣ ስፋቱ ከአንድ ሰፊ ጎዳና አይበልጥም፣ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ሣር ጤነኛ፣ ውስጡ ያለው የተቀጠቀጠ። በረዶ ሁልጊዜ በመስመር ነው የሚወርደው፣ እሱን አውቃለሁ፣ ለራሴም ይህንኑ እየነገርኩት ነው የሄድኩት። መስመሩን ይዤ ሄድኩ፣ ዛፎቹ መካከል ገባ፣ እዚያ አንድ ያላየሁት ነገር ነበር፣ ከአፋፉ ሆነህ የማታየው፣ ዛፍ የሸፈነው፣ አዲስ የተመነጠረ ማሳ። ገብስ ነበረበት። አሁን ጭቃና አገዳ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ከጭቃው ውስጥ ዛላ ትለቅማለች፣ መሪጌታ ጥምጥም በሌለው ራሳቸው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቲቱን አውቃታለሁ፣ ባሏ የሞተባት ልጃቸው ናት። ዞሬ ወደ ኋላ አየሁ። በመስመሩ ትክክል፣ ከዛፎቹ በላይ፣ ምሰሶዬ ቆሟል።

መሪጌታ አዩኝ። እኔም በመጣሁበት ተመለስኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይቀርም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰበሰበ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻል ነበር፣ ይስቁ ነበር። «በረዶ መላሹ ማሳ አላቸው ለካ!» «ቀንዱን ሲነፉ የኖሩት ለዝንጀሮ ነው!» «ከኛ ላይ አባረው ከራሳቸው ጎተራ አስገቡት!» አንዱ ጨዋ ሽማግሌ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሕጉን ያውቁት ነበር እኮ መሪጌታ» አላቸው፣ እሳቸውም «አውቀው ነበር» አሉ፣ ከዚያ «ልጄ የምትበላው ስለሌላት ነው» አሉ፣ ይህን ሲሉ ማንም አልሳቀም፣ ግን ማንም ቁና እንደማይሰፍርላቸው በዚያው ተቆረጠ። እኔ ከግንቡ ሥር ቆሜ ነበር። ሚዶውን ወደዚያ ያዞርኩት እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ብል ማን ያምናል ብዬ ነው ያልተናገርኩት ልልህ ፈልጌ ነበር፣ ግን ውሸት ነው፣ ሁሉም ያምኑኝ ነበር።

ሰኞ የአስካለ ደቦ ሆነ፣ ገብሱ ተከመረ። ማክሰኞ ጠዋት መሪጌታና ልጃቸው አንዲት አህያ ጭነው በጣቢያው በኩል አለፉ፣ በሰላ ድንጋይ በኩል ዘመድ አለን አሉ። ልጅቷ አህያዋን እየነዳች ቀደመች። እሳቸው ቆሙ፣ እንደ ወትሮው ወደ ላይ አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት።

«ዓርብ ዕለት ያን ነገር ጆሮህ ላይ አድርገኸው ነበር» አሉኝ።

«አዎ መሪጌታ።»

«ወደ ጫካው ካዞርከው በኋላም።»

«አዎ።»

«ሰምተኸው ነበር? ወደኔ ሲመጣ?»

ዓይናቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለጉት፣ አርባ ዓመት በቀንድና በዳዊት ሲመልሱት የኖሩት ነገር በእርግጥ ድምፅ እንዳለው ማወቅ ነው የፈለጉት። ብነግራቸው ምናልባት ካጡት ማሳ ይልቅ ይህን ማወቅ ይበልጥላቸው ነበር።

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እንግዲያው ደኅና ሁን ልጄ» ብለው ሄዱ። እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው። የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን መዘውሩን አዞርኩ።

ሽፈራው በኅዳር ተመለሰ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ግን በእግሩ። ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ አንድ ቀን አስካለ በጀርባዋ ጆንያ አዝላ ወጣች፣ ከበሩ ላይ አወረደችው።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ከመንደሩ ነው። ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና።»

«እታለም፣ ይህ እኮ የመሪጌታ ነው።»

«የበረዶ መላሹ ነው» አለች። «መዘውሩን ስታዞር ከታች አይተውሃል።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም።»

«አንተ አትመን» አለች ነጠላዋን እያራገፈች፣ «አዙርልን ብቻ።»

ገብሱን በላሁት። ምን ልበልህ፣ ገብስ ነው።

አራት ሥራ የጣልኩት እኔ ከዚያ አፋፍ አልወረድኩም፣ ግጥሜን ይዤ አዲስ አበባ እሄዳለሁ እል የነበረውንም ተውኩ፣ ጠዋት ከቀዩ፣ ከሰዓት በኋላ ከነጩ እያጋጠምኩ ክረምቱ መጣ ሄደ። በሚቀጥለው ጥቅምት አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ በማዳመጫው ውስጥ ጠብ አለ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ዙሪያዬን አየሁ። በምዕራብ የአስካለና የመንደሩ ማሳ ነው፣ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ቀና ብለው ያዩኛል። በምሥራቅ በረሃው ነው። በሰሜን መሪጌታ የተዉትን ማሳ ሌላ ሰው ይዞታል፣ ዛፍ ቢሸፍነውም አሁን እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። በደቡብ፣ ከሁለት ሸንተረር ማዶ፣ ከአንድ ጣራ ላይ ቀጭን ጭስ ይወጣ ነበር።

እጆቼን መዘውሩ ላይ አደረግሁ፣ ብረቱ ይቀዘቅዝ ነበር፣ ገፋሁት።

የዚያን የደቡቡን መንደር ስም እስከ ዛሬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።